የሁልጊዜው ክብደት

የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ከጸጉር ቶሎ አይወጣም። ዛሬ ጸጉሬን ሁለቴ ታጥቤዋለሁ፤ አሁንም ፎጣውን ከራሴ ላይ ሳነሳ ይሸተኛል። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸው ዓይነት ሽታ ነው። እኔ ግን ፎጣውን ፊቴ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ። ከሥሩ ሌላ ሽታ እየፈለግሁ ነበር፣ የገላ ሳሙና ሽታ። የለም። ሊኖርም አይችልም። እሱ የድሮው ቀን ሽታ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም። ከመጀመሪያው ብነግራችሁም እኔ ራሴ ሁሉም ገብቶኛል ማለቴ አይደለም።

ያን ጊዜም የምንኖረው አሁን ባለንበት፣ መቀሌ ሓድነት ሰፈር ባለው ቤት ነበር። ግቢው ጠባብ ነው፤ እኩሌታውን የምትይዘው የአባቴ መኪና ናት። ክብ ክብ መብራት ያላት፣ ወተት የሚመስለው ቀለሟ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ዝገት የበላው፣ በዕድሜ እኔን እጅግ የምትበልጥ የጣልያን መኪና። አባቴ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር። እሷን የገዛት ከማግባቱ በፊት ነው፤ እናቴን ከደሴ ሙሽራ አድርጎ ወደ መቀሌ ያመጣትም በእሷ ነው። እናቴ አማርኛ ታስተምር ነበር። አውቶቡስ ስለሚያማት ወደ ቤተሰቦቿ ስትሄድ በዚችው መኪና፣ የፊት ወንበር ላይ፣ ከአባቴ አጠገብ ነበር የምትሄደው። እኔ ከኋላ፣ በእሷ ጀርባ በኩል። ቦታችን ይኸው ነበር፤ ተቀያይረን አናውቅም።

በዚያ ክረምት እናቴ ወደ ደሴ እንደምትዛወር ሰማሁ። ሰማሁ የምለው ማንም ስላልነገረኝ ነው። ስልክ ላይ ለአክስቴ፣ "ጸድቆልኛል፤ መስከረም ላይ እዚያው ነኝ" ስትል በሩ ሥር ቆሜ ሰማኋት። አያቴ እንደታመመች ዐውቅ ነበር። ግን አያቴ ከዚያ በፊትም ታማ ታውቃለች፤ እናቴ ሄዳ አስታማት ትመለሳለች እንጂ ሥራዋን ይዛ አትዛወርም። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ለስንት ጊዜ ነው? እኔስ? አልጠየቅሁም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርኩ፤ መልሱን የማላውቀውንማ እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ።

ቤታችን ውስጥ ጩኸት አልነበረም። ጩኸት ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት ውስጥ ቢያንስ ቃል አለ። የእኛ ቤት ጠብ በእኔ በኩል የሚያልፍ ነበር።

"ለአባትሽ ምሳ ቀርቧል በዪው።" አባቴ እጅ ቢዘረጋ በሚደርስበት ርቀት ተቀምጧል።

"ሕራይ፣ ታጥቤ እመጣለሁ በያት።"

"ታጥቤ እመጣለሁ አለ።"

"ሰምቻለሁ።"

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መኪና በሚያነሣ ክሪክ ድምፅ ነቃሁ። የአሸንዳ ሰሞን ስለነበር ከሰፈሩ ጫፍ የልጃገረዶች ከበሮ ይሰማል። በመስኮት ሳይ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሥቷል፤ የፊት ጎማዎቿ ወልቀው ግድግዳ ተደግፈዋል። አባቴ አሮጌ አንሶላ አንጥፎ፣ የፈታቸውን ቡሎኖች ከትልቅ ወደ ትንሽ በሰልፍ ደርድሯቸዋል።

ምን እንደተሰማኝ አልረሳም። ደስ አለኝ። መኪናዋ ካልሄደች እናቴ አትሄድም፤ በአውቶቡስማ አትችልም። አባቴ አትሂጂ ብሎ በአፉ መናገር ስላቃተው የመኪናዋን እግር ቆረጠ ብዬ አሰብኩ። እየሮጥኩ ወጥቼ አጠገቡ ቁጢጥ አልኩ።

"ተበላሽታ ነው?"

"ጎሚኒዎቿ አልቀዋል፣ ጓለይ" አለኝ፤ የኔ ልጅ ማለቱ ነው።

አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚይዝ ክንድ የሚመስል ብረት አለ፣ ብራቾ ይሉታል። ብራቾው ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የሚገባ ወፍራም የላስቲክ ቀለበት አለ። ጎሚኒ ማለት እሱ ነው። መዳፌ ላይ የነበረው ደርቆ፣ እንደ ክረምት ተረከዝ ተሰነጣጥቆ ነበር።

"እንዲህ ሆና አላጀ ላይ እንደ ሰካራም ነው የምትወዛወዘው" አለ።

ደስታዬ እዚያው ላይ ተደናገረ። አላጀ በደሴ መንገድ ላይ ያለ ተራራ ነው። ስለ አላጀ የሚያስብ ሰው መኪናውን የፈታት እንዳትሄድ ነው ወይስ ደህና እንድትሄድ? ፊቱን አየሁት። የአባቴ ፊት በሥራ ላይ ሲሆን ሒሳብ እንደሚያርም ሰው ፊት ነው፤ ምንም አይነበብበትም።

የሰፈር ልጆች ለአሸንዳ ለብሰው በር ላይ መጡ። "ነዪ እንጂ! ጸጉርሽንኮ ተሠርተሻል!" ተሠርቻለሁ፤ እናቴ ነበረች የወሰደችኝ፣ እስኪያመኝ ድረስ ጥብቅ ተደርጎ ነበር የተሠራው። ሰው ፊት መጨፈር እፈራ ነበር። ያን ዕለት ደግሞ ምክንያት አገኘሁ፤ "አባቴን እያገዝኩ ነው" ብዬ ካቻቢቴውን አሳየኋቸው። ከበሯቸውን እየመቱ ሄዱ።

ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ ያደረጉት በዚያን ጊዜ ነው። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ግቢያችን ውስጥ ብረት ሲንኳኳ ከሰሙ መቀመጥ አይችሉም።

"መምህር! መኪና ነው ሰዓት ነው የምትፈታው? ቡሎን በሰልፍ የሚደረድር ሰው ዛሬ ገና አየሁ!"

"እንደምን አደሩ፣ አያ።"

"እኔ ደህና ነኝ፤ እሷ ናት የታመመች። ለሙዚየም ስጣት፣ ቲኬት እየቆረጥክ ታሳያታለህ።"

አባቴ ሣቅ አለ። ሽማግሌው ግን አልሄዱም። ወደ ቤታችን በር አየት አደረጉ፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እናቴ ከውስጥ ዕቃ ስታንቀሳቅስ ይሰማል። ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው፣ "ሰው በሽማግሌ ይታረቃል፤ አንተ በክሪክ ልትታረቅ ነው?" አሉት።

አባቴ ቡሎኑን አንሥቶ ንጹሕ የነበረውን እንደገና ጠረገው። እኔ ነኝ የደነገጥኩት፤ ለካ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል። ከእኔ በቀር የሚያውቁት ነገር ምን እንደሆነ ግን አሁንም አላወቅሁም።

አሮጌው ጎሚኒ ተጣብቆ ስለቀረ በመዶሻ እምቢ አለ። አባቴ ብራቾውን ከሰል ላይ አደረገው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ከዚያ ላስቲኩ ተንቸፈቸፈ፣ ጥቁር ጭስ ወጣ፣ ነፋሱ ገልብጦ እኔ ላይ አመጣው። ያን ጊዜ እናቴ በሩን በርግዳ ወጣች።

"ኧረ በማርያም! ጸጉሯን ትናንት ነው ያሠራኋት! ልጅቷን ከጭሱ አውጣት እንጂ!"

እኔን አልነበረም የተናገረችው፤ እሱን ነው። በቀጥታ። ሁለቱም ይህን ያወቁት አንድ ላይ መሰለኝ። ከዚያ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ውጪ ከጭሱ፣ ጓለይ" አለኝ፤ እናቴም ገባች። የተሠራ ጸጉር ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ሽታው እዚያው ጉንጉኑ ውስጥ ቀረ።

አዲሶቹ ጎሚኒዎች በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ ተጨምቀው ነበር የሚገቡት። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ያሠረውን ሞርሳ ከፍቶ፣ "ሳሙና አምጪልኝ፤ ዘይት ላስቲክ ይበላል" አለኝ።

ገባሁ። እናቴ አልጋው ላይ ሻንጣ ከፍታ ልብስ እያጠፈች ነበር። ወለሉ ላይ የታሰሩ ካርቶኖች አሉ።

"አባዬ ሳሙና ይላል።"

"የልብሱ ሳሙና ታሽጓል በዪው።"

"እሺ።" ልወጣ ስል፣ "ቆይ" አለችኝ። ሻንጣው ውስጥ እጇን አስገብታ፣ ከፎጣዋ ሥር የራሷን የገላ ሳሙና አወጣች። ገና ያልተከፈተ ነበር፤ ወረቀቱን ራሷ ቀድዳ ሰጠችኝ። ሳሙናዋን ማንም እንዲነካባት አትወድም ነበር። ለምን ሰጠች? መልሼ ሻንጣው ውስጥ ላስቀምጠው ዳዳኝ፤ ካልሰጠሁት መኪናዋ አትጠገንም። ግን እሷው ናት የሰጠችኝ። ይዤ ወጣሁ።

አባቴ ተቀበለኝና አሸተተው።

"ይሄ የልብስ አይደለም።"

"የልብሱ ታሽጓል ብላለች።"

በእጁ ይዞት ቆየ። ከዚያ በውሃ አረጥቦ፣ ጎሚኒውን በቀስታ፣ እንደ ሕፃን ጀርባ፣ በአረፋው አሸው። የሞርሳውን እጀታ ሲያዞረው ላስቲኩ እየጮኸ ብረቱ ውስጥ ገባ። ግቢው የተቃጠለ ላስቲክና የእናቴን ገላ አንድ ላይ ሸተተ። ሁለቱን ሽታዎች እስከ ዛሬ መለየት አልችልም።

ከሰዓት በኋላ ብራቾዎቹ ተመለሱ፣ ጎማዎቹ ተገጠሙ። አባቴ ግን የጎሚኒዎቹን ቡሎኖች በጣቱ ብቻ አዙሮ ተዋቸው። ጎማዎቹን ወፋፍራም ጣውላዎች ላይ አሳርፎ ክሪኩን አወረደው። ሥር ለመግባት የሚበቃ ክፍተት ነበር።

"አላጠበቅከውምኮ" አልኩት።

"ገና ነው። እናትሽን ጥሪያት።"

"ምን ልበላት?"

"መጥታ መኪናዋ ውስጥ ትቀመጥ።"

ሮጬ ገባሁ። "መኪና ውስጥ ትቀመጥ አለ።"

"የት ልንሄድ?"

ሮጬ ወጣሁ። "የት ልንሄድ ትላለች።"

"የትም።"

ሮጬ ገባሁ። "የትም አለ።"

እናቴ ያጠፈችውን ቀሚስ እጇ ላይ እንደያዘች ቆማ አየችኝ። ከዚያ ቀሚሱን አልጋው ላይ ጥላ፣ በነጠላ ጫማዋ፣ ጸጉሯን በሻሽ እንዳሰረች ወጣች። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዐይኑን እኔ ላይ አድርጎ ለእሷ ተናገረ።

"ንገሪያት፤ ጎሚኒ መኪናዋ ተንጠልጥላ አይጠብቅም። ተንጠልጥላ ካጠበቅነው መሬት ስትነካ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ሳይሰነብት ይቀደዳል። መሬት ላይ ቆማ፣ የምትሸከመውን ተሸክማ ነው የሚጠብቀው።"

"ሰምቻለሁ" አለች እናቴ፤ በሩን ከፍታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እኔም ከኋላዋ ገባሁ። የአባቴ ወንበር ባዶ ነበር። አባቴ ወደ አጥሩ ዞሮ፣ "አያ፣ ይምጡና በእኔ ቦታ ይቀመጡልኝ" አለ።

ሽማግሌው እስኪጠሩ ሲጠብቁ እንደነበር ያስታውቃሉ። መጥተው በትንሿ በር ትከሻቸውን አጥፈው ሲገቡ መኪናዋ ዝቅ አለች። "መምህር፣ እኔ ከአንተ ከበድ እላለሁ፤ ሒሳቡ አይበላሽብህም?"

"ምሳ አልበሉም፤ ይመጣጠናል" አለ አባቴ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ።

እናቴ ሣቀች። እኔም ሣቅሁ። ሽማግሌው መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ አንገታቸውን እንደ ጎበዝ ሹፌር አቅንተው ክላክሱን ጲጵ አደረጉት። "እሺ ተሳፋሪዎች! ወዴት ልውሰዳችሁ? ደሴ?"

ሣቁ ቀጥ አለ። እሳቸውም የተናገሩትን ያወቁት ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው፤ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከሥራችን የኪያቤው፣ የቡሎን መፍቻው፣ ድምፅ ቆመ። ከሩቅ ከበሮው ይሰማል።

እናቴ ከፊቷ ያለውን ግድግዳ በመስታወቱ እያየች፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ "ሻንጣዎቹንስ? አምጥቼ ልጫናቸው?" አለች።

እኔን አልጠየቀችም። አዎ ካለ ትሄዳለች፤ አይ ካለ ደግሞ፣ አይ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አይ እንዲል ፈለግሁ።

ከሥር ኪያቤው መሬት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ አባቴ፣ "አያስፈልግም" አለ። "ይሄ ለመንገዱ አይደለም። ለሁልጊዜው ነው።"

ኪያቤው እንደገና ጀመረ። ብረቱ ሲጠብቅ ያለው እሪታ በወንበሩ በኩል አልፎ ጀርባችን ላይ ይሰማል። እኔ የማየው የእናቴን ማጅራትና የጆሮ ጌጧን ነበር። ጌጡ ይንቀጠቀጣል። ከሥር ከሚመጣው ንዝረት ይሁን፣ እያለቀሰች ይሁን፣ እየሣቀች፣ አላወቅሁም። ዘንበል ብዬ ማየት እችል ነበር። ፈራሁ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፤ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ምንም አልቀለዱም።

ቀረች ብዬ ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። "ለሁልጊዜው" የሚለውን ቃል ይዤ ሌሊቱን ሙሉ በደስታ ተኛሁ። በሳምንቱ አባቴ ሻንጣዎቹን ጣራው ላይ አሰረ፤ ሦስታችንም ወደ ደሴ ሄድን። አላጀ ላይ መኪናዋ አልተወዛወዘችም። ጠመዝማዛው ላይ መንገዱን ጨብጣ፣ ዝግ ብላ፣ ደህና አድርጋ ወሰደቻት። አባቴና እናቴ በመንገድ ላይ በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ተነጋገሩ፤ ስለ ጤፍ ቡቃያ፣ ስለ ዝናቡ። ደሴ ስንደርስ እናቴ ጸጉሬን አሸተተችና፣ "አሁንም ጭስ ጭስ ትያለሽ" ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ትምህርቴ መቀሌ ስለሆነ ከአባቴ ጋር እንደምመለስ የተነገረኝ ያን ዕለት ነው።

ስንመለስ አባቴ የፊቱን በር ከፍቶ፣ "ወደዚህ ነዪ፣ ጓለይ" አለኝ። እምቢ አልኩት። መቀሌ እስክንገባ ከኋላ፣ በባዶው ወንበር ጀርባ ተቀመጥኩ። ጸጉሬን የሚፈታልኝ ስላልነበረ አባቴ ነው የፈታልኝ። ቀኑን ሙሉ ፈጀበት። አንዷን ጉንጉን ሲጨርስ ጸጉሩን በጣቱ አለስልሶ ወደ ጎን ያስተኛታል፤ ልክ ቡሎኖቹን እንደደረደራቸው።

እናቴ ለበዓል ትመጣ ነበር። የፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። ተፋትተዋል ያለኝ የለም፤ አልተፋቱም ያለኝም የለም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መካኒካል ምሕንድስና ስማር፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ላስቲክና ብረት ሥሎ፣ ላስቲክ ሲታሰር የነበረበትን አኳኋን የእረፍቱ ቦታ አድርጎ እንደሚይዝ፣ ሁልጊዜም ወደዚያው ለመመለስ እንደሚጎትት አስረዳን። ያ ገባኝ። ክፍሉ ውስጥ ከማንም በላይ ሳይገባኝ አልቀረም። ሌላው ግን አልገባኝም። ሰው ሚስቱን የሚሸኝበትን መኪና ለምን በእሷ መኖር ልክ ያጠብቃል?

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ። መኪናዋ ነዳጅ አጥታ ሸራ ለብሳ ቆመች። ጎረቤታችን በዚያ መሃል ዐረፉ። ስልኩ ሲከፈት እናቴ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ስለ ጤናችን ጠየቀች፤ ቀጥላ፣ "መኪናዋስ? አለች?" አለችኝ። "አለች" አልኳት። ሌላ አልጠየቀችም። አሁን እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። "ትመጫለሽ?" ስላት፣ "እግዚአብሔር ካለ" ትላለች። ለአባቴ ሰላም በዪው ትለኛለች፤ እሱም ሰላም በያት ይለኛል። አሁንም በእኔ በኩል ነው ብዬ ነበር።

መቆም ላስቲክን ከመንገድ በላይ ይጎዳዋል። ጎሚኒዎቹ ደርቀው ስለነበር ዛሬ ጠዋት ከሰል አቀጣጥዬ አሮጌዎቹን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ያሸኋቸው በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው። አባቴ ጉልበቱ ስለማይታጠፍለት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቡሎኖቹን ሲደረድር ዋለ። ጎማዎቹ ጣውላው ላይ ዐርፈው፣ እኔ ኪያቤ ይዤ ሥር ስገባ፣ እሱ መሪው ጋ ተቀመጠ። የእኔን ቦታ በመጻሕፍት ካርቶን ሞልተነዋል።

"አባዬ፣ ላጥብቀው?"

"ቆዪ።"

በሩ ተከፈተ። ዘገምተኛ እርምጃው ወደ ውሃ ጀሪካኖቹ ሲሄድ ጫማውን ከሥር አየሁት። አንድ ጀሪካን እያረፈ፣ እየተነፈሰ አመጣ፤ ከፊት፣ የእናቴ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ሌላ አመጣ። መኪናዋ ከላዬ በትንሹ ዝቅ አለች። ልወጣና ላግዘው ፈለግሁ፤ ግን የሆነ ነገር እዚያው አስተኛኝ።

ከዚያ የጀሪካን ክዳን ሲከፈት ሰማሁ። ውሃ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ጥቂት፣ ቆም፣ እንደገና ጥቂት። በጎማው አጠገብ አፈሩን እያረጠበ ወደ ክንዴ መጣ።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"እናትሽ ከስቻለሁ ብላኛለች" አለ። "ሐሙስ ስንነጋገር።"

ሐሙስ። ኪያቤውን ደረቴ ላይ አሳረፍኩ። ከመቼ ጀምሮ እንደሚነጋገሩ፣ ምን እንደሚባባሉ ልጠይቀው አፌ ድረስ መጣ። ክዳኑን መልሶ ሲያጠብቅ፣ ዞሮ ገብቶ በመሪው በኩል ያለውን በር ሲዘጋ ሰማሁ።

"አሁን አጥብቂው" አለ።

ኪያቤውን ቡሎኑ ላይ አስገብቼ ጎተትኩ። በጎተትኩ ቁጥር ከላዬ፣ ወንበሯ ላይ፣ ውሃው ይንቀሳቀሳል፤ ስተወው ይረጋል። ሳጠብቅ ቆይቼ ከሥር ስወጣ አባቴ በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው የጀሪካኑን እጀታ ይዞ፣ ፊት ለፊት ግድግዳውን እያየ ተቀምጦ ነበር። እንዳይወድቅ ነው የያዘው። መኪናዋ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ሞተሯም አልተነሣም።